ቤንዚን ሞተር ወጥቶ ናፍጣ የገባበት ሃይሉክስ ጠዋት አልነሳም ሲል

ባትሪው፣ ማስነሻው ሞተሪኖና ማሞቂያው ካንዴሌታ ታይተዋል እንበል። በ22አር ቤንዚን ሞተር ቦታ 2ኤል ወይም 3ኤል ናፍጣ ሞተር የገባበት አሮጌ ሃይሉክስ ቀን ሲሠራ ይውላል፤ ጠዋት ግን ሞተሪኖው እስኪግል ቢመቱት አይነሳም። ጎንደር ዳገት ስለማያጣት ሌላም ምልክት አለ፦ አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ያደረ ቀን እምቢ ይላል፣ ወደ ቁልቁለት ያደረ ቀን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ይህን የሰማ መካኒክ ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት ወደ ኢንጀክተሮች የሚልከውን) ማውረድ የለበትም። መስመሩ አየር ስቦ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንክ ተመልሷል።

ካርቡራተር ሳህኑ ውስጥ ቤንዚን ስለሚያስቀምጥ ትንሽ አየር አይሰማውም። የናፍጣ ፖምፓ ግን በአረፋ ግፊቱን ያጣል። መሬት ላይ ጠብታ አትፈልጉ፤ የመሳቢያ መስመር ቀዳዳ አየር ያስገባል እንጂ ብዙ ጊዜ ናፍጣ አያወጣም።

አፈታተሹ፦ 5 ሊትር ጀሪካን ከፖምፓው ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከፍ ካደረጋችሁት ናፍጣው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ጥፋቱን ይደብቀዋል። የፊልትሮውን መግቢያና የመመለሻውን ቱቦ ጀሪካኑ ውስጥ ክተቱ፣ አየሩን አውጡ፣ አስነሱ፣ አሳድሩት። ጠዋት ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወደ ኋላ፣ እስከ ታንኩ ነው። ካልተነሳ የፊልትሮውን ራስ፣ የኢንጀክተር መመለሻ ጎማዎችንና የፖምፓውን ዘንግ ጎሚኒ (ማሸጊያ) እዩ።

ፖምፓው ሁለቴ ተጠግኖ፣ ኢንጀክተር ተቀይሮለት የሚመጣ መኪና አይጠፋም። ጥፋቱ ግን ሻሲው ላይ ካለው የብረት ቱቦ ጋር የምትገናኘው የጣት ርዝመት ያላት የቤንዚን ጎማ ናት! ከላይ ደህና ትመስላለች፤ ስትታጠፍ ትሰነጠቃለች። ሁሉንም የነዳጅ ጎማ ቱቦ ናፍጣ በሚችል 8 ሚሊሜትር ለውጡ። የውሃ ቱቦ በእሳት አሙቆ መክተት ሥራ አይባልም። የነዳጅ መስመሩን የመዳብ ዋሸሮች አዲስ አድርጉ። የቤንዚኑን ፓምፕ መስመሩ ላይ ትቶ ናፍጣ በውስጡ ማሳለፍም ፖምፓውን ማስራብ ነው፤ አውጡት። ችግሩ ታንኩ ሲጎድል ብቻ ከመጣ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው መሳቢያ ቱቦ ዝጎ ተበስቷል።

ፍሬኑ ከደነደነ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በቫኪዩም (በመሳብ ኃይል) ነው፤ የቤንዚኑ ሞተር ይህን ከአየር መግቢያው ማኒፎልድ ይሰጥ ነበር፤ ናፍጣው አይሰጥም። በ2ኤልና 3ኤል ቫኪዩም ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ነው፣ ገንዘብ ለመቆጠብ የቤንዚኑን ዲናሞ የሚገጥም ደግሞ አለ። በዚያ ፍሬን ሊማሊሞን መውረድ አይታሰብም! ፓምፕ ያለውን ዲናሞ ግጠሙ፤ የዘይት መግቢያውና መመለሻው እንዳይታጠፍ።

ጥቁር ጭስ፦ አየር ፊልትሮውን አጽዱ። ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር ጭሱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም።

ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ ካልጠፋ የፖምፓው ማጥፊያ ሽቦ ቁልፍ የማይቆጣጠረው መስመር ላይ ተይዟል።

የዙር መለኪያው አልተበላሸም፤ ምልክቱን የቤንዚኑን ሞተር ብልጭታ ከሚሰጠው ኮይል ይወስድ ነበር፣ አሁን ኮይል የለም።

የታንኩ ክዳን ላይ «ናፍጣ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ነዳጅ ቀጂው መኪናውን በቤንዚን ነው የሚያውቀው። ቤንዚን ከገባ ቁልፉን አትንኩ፣ ታንኩን አራግፉ፤ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ በቤንዚን ከዞረ ውስጡ ይፋቃል።