ቤት ውስጥ ቦዲ ስፕሬይ ስንሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቦዲ ስፕሬይ ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ አይደለም። አልኮል፣ የሚወዱት ኢሴንሻል ኦይል (ከዕፅዋት የሚወጣ ሽታ ያለው ዘይት)፣ ትንሽ የተጣራ ውሃና የሚረጭ ጠርሙስ ይበቃል። ቀላል ስለሆነም ብዙ ሰው ሳይለካ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነብ ይጀምራል።

ትልቁ ስህተት ዘይቱን በቀጥታ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። ጠርሙሱን ስትነቀንቁት የተዋሃደ ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። የመርጫው ቱቦ የሚስበው ከታች ስለሆነ መጀመሪያ የምትረጩት ውሃውን ነው። ወደ መጨረሻው ያልተበረዘ ዘይት ቆዳችሁ ላይ ያርፋል፤ ማሳከክና መቅላት ያን ጊዜ ይመጣል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ዘይቱን መጀመሪያ ከአልኮሉ ጋር ማዋሃድ፣ ከዚያ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጉ መጨመር ነው። ከነጣና ከደፈረሰ ውሃው በዝቷል ማለት ነው። አልኮል የማይፈልግ ሰው ፖሊሶርቤት 20 የሚባለውን ማዋሃጃ ይጠቀም፤ ዘይቱ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ይደባለቃል፣ ውሃ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ያገኙትን አልኮል መጠቀምም አደጋ አለው። ጠርሙሱ ላይ ኢታኖል የሚለውን ፈልጉ። ለማቃጠያ ወይም ለጽዳት የሚሸጥ ስፒሪት ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። ሜታኖል መርዝ ነው፤ በቆዳ በኩልም ወደ ሰውነት ይገባል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሜታኖል የተገኘባቸው የእጅ ሳኒታይዘሮች ከገበያ የተሰበሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው። አይሶፕሮፒል የሚለው ደግሞ የራሱ ኃይለኛ ሽታ አለው፤ ሽቶ ተቀብታችሁ የክሊኒክ ኮሪደር ትሸታላችሁ። አረቄማ ይቅርባችሁ፣ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ለአለቃ ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው።

መጠኑን በግምት አታድርጉት። ለ100 ሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል፤ በጠብታ ከ20 እስከ 40 ገደማ መሆኑ ነው። ጠብታ ግን እንደ ዘይቱ ውፍረት ስለሚለያይ መርፌው የወለቀ ስሪንጅ ይሻላል። ቀረፋና ቅርንፉድ ቆዳ የሚያቃጥሉ ናቸው። የቅርንፉዱ ከዚህም በጣም ያንስ፤ ቀረፋውን ጭራሽ ብትተዉት ይመረጣል። መጀመሪያ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ሞክሩ፣ ቢበላሽም አያናድድም። ሽታውን እንደሠራችሁት ወዲያው አትፍረዱበት። ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አንድ ሁለት ሳምንት ካቆያችሁት የአልኮሉ ሹልነት ይለዝባል።

«ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አስለብልቧል። የሎሚ ጭማቂ ወይም ከልጣጩ የተጨመቀ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል፤ የሚተወው ጥቁር ምልክትም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በቡና የምንጠጣው ጤና አዳምም ቆዳ ላይ ሲሆን እንደዚያው ነው። የሎሚ ሽታ ከወደዳችሁ የጠጅ ሳር ዘይት ይህ ጣጣ የለበትም፤ እሱም በትንሹ ይሁን።

በሶብላ ወይም ናና ቀቅሎ ውሃውን ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ማስቀመጥስ? ቶሎ ይበላሻል። ፍሪጅ ውስጥ አድርጋችሁ በጥቂት ቀናት ጨርሱት፤ ሽታው ከተቀየረ ድፉት። የሠራችሁበትን ቀንና የገባበትን ነገር ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ጠርሙሱም ጠቆር ያለ ብርጭቆ ይሁን፤ ኢሴንሻል ኦይል አንዳንድ ፕላስቲክ ይበላል።

መላ ሰውነት ላይ ከመርጨታችሁ በፊት የክንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ገና በተላጨ ቆዳ ላይ አትሞክሩት። ነጭ ነጠላ ላይም አትርጩት፣ የዘይት ነጠብጣብ ይተዋል።

ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ ቀልቶ ዕጣኑ እየጨሰ አጠገቡ ቆሞ መርጨት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። አልኮል ትነቱም ይቀጣጠላል። ሌላ ክፍል ገብታችሁ ተቀቡ፣ እስኪደርቅም ከእሳት ራቁ። ስትሠሩትም ምድጃ ዳር አይሁን።