ውሃ ሲሏችሁ ብርጭቆ አታንሱ

ሆንግ ኮንግ ገበያ ውስጥ ዋጋ ጠይቃችሁ ሻጩ «ያት ጋው ሶይ» ቢላችሁ፣ ቃል በቃል «አንድ ጓል ውሃ» ማለቱ ነው። ውሃ ደግሞ ጓል የለውም። ሰውየው የፈለገው 100 የሆንግ ኮንግ ዶላር ነው። በሆንግ ኮንግ በሚነገረው በካንቶንኛ ቋንቋ «ሶይ» ውሃ ነው፤ በሰፈር ቋንቋ ግን ገንዘብም ነው። ጀማሪን የሚጥሉት ስህተቶች እነሆ።

ቃናውን ችላ ማለት። «ሶይ» ድምፁ ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ውሃ ነው። ከፍ ብሎ ከቀረ «ክፉ፣ ዕድለ ቢስ»፣ መሃል ላይ ከሆነ የዕድሜ ዓመት፣ ዝቅ ካለ እንቅልፍ ይሆናል። እኛስ «ገና»ን ካላጠበቅነው በዓሉ ይቀር የለ?

ሁሉንም ገንዘብ ማድረግ። አራድነቱን የተማረ ሰው ይህን ስህተት አያጣም። ሻይ ቤት ውስጥ «ጋ ሶይ» ማለት ማንቆርቆሪያው ላይ ሙቅ ውሃ ጨምሩልን ነው፤ በቃ። ክዳኑን ገለጥ አድርጎ መተው ራሱ ይበቃል፣ አስተናጋጁ ይገባዋል። «ቶንግ ሶይ» ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ሾርባ ነው። «ጮይ ሶይ» ደግሞ ውሃ መንፋት፣ ማለትም ወሬ መጠረቅ ነው፤ ትንሽ ጉራም አያጣውም። እኛ ጉራ እንነፋለን፣ እነሱ ውሃ።

ቦታውን አለማወቅ። ባንክ ሄዳችሁ ስለ ገንዘብ ስታወሩ «ቺን» በሉ፤ ትክክለኛው ቃል እሱ ነው። በተለይ «ቦንግ ሶይ» ከማለት ተጠንቀቁ። ትርጉሙ «ውሃ መዝን» ነው፣ መልእክቱ «ክፈል!»። ለጓደኛ ቀልድ ነው። ለማያውቁት ሰው ግን ዕዳ ሊያስከፍል የመጣ ጉልበተኛ ያስመስላል።

በአማርኛ ጆሮ መስማት። እኛ ዘንድ ነገር «ውሃ በላው» ከተባለ ጠፋ ነው። ስለዚህ «ጁ ሉንግ ያፕ ሶይ»፣ «የአሳማ ቅርጫት ውሃ ገባበት» የሚለውን ስንሰማ መርዶ ይመስለናል። እነሱ ግን ለአዲስ ዓመት የሚመራረቁበት ነው! ቅርጫቱ ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ቀዳዳው የበዛ ነው። ወንዝ ውስጥ ሲነከር ውሃው ከየአቅጣጫው ይገባል። ገንዘብም እንዲሁ ከየቦታው ይግባልህ ማለት ነው። እኛም እኮ ገንዘብ «ፈሰስ ተደረገ» እንላለን።

የመጨረሻው በቻይናዋ ከተማ በጓንጁ ለሚነግዱ ወገኖቻችን ነው። ከተማዋ የካንቶንኛ አገር ብትሆንም፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣና የቻይናን ዋና ቋንቋ ማንዳሪንን ብቻ የሚናገር ባለሱቅ ሞልቷል። እሱን «ጋው ሶይ» ብትሉት ዝም ብሎ ካልኩሌተሩን ወደ እናንተ ይገፋዋል።