ለጠፋ የእንጨት ሰው ምትክ ስትሠሩ የዘይት ቀለም አትቀቡ

ካርካሶንን በመሳሰሉ የሰሌዳ ጨዋታዎች ላይ ሚፕል ከሚባሉት ትናንሽ የእንጨት ሰዎች አንዱ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል፤ በካርካሶን እያንዳንዱ ተጫዋች ያለው 8 ብቻ ነው። ምትኩን መቅረጽ ቀላል ነው፤ እዚህ ጅማ በርጩማ የሚሠሩ አናጺዎች ዘንድ ቁርጥራጭ እንጨት አይጠፋም። የሚያስቸግረው ቀለሙ ነው። የዘይት ቀለም በክረምቱ እርጥበት ቶሎ አይደርቅም፤ ከደረቀም በኋላ ከረጢት ውስጥ ሲጋጭ ይላጣል።

በዚህ ፈንታ ጥቂት የምግብ ቀለም በ70 በመቶ አልኮል በጥብጡና እንጨቱን ለጥቂት ደቂቃዎች ንከሩት። አንድ ቀን አድርቁት፤ ከዚያ በሰም ወይም በሻማ አሽታችሁ በጨርቅ ወልውሉት። ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ የሚላጥ ነገር የለም። አልኮል ደግሞ ቶሎ ስለሚተን እንጨቱ በውኃ እንደተነከረ ያህል አያብጥም። ሰሙን ግን አደራ አትዝለሉት! የምግብ ቀለም በውኃ ስለሚሟሟ፣ ያለ ሰም በላበው እጅ ላይ ይቀራል።

ዋንዛ ለቢጫና ለሰማያዊ አይሆንም፤ ቡናማ መልኩ ቀለሙን ይውጠዋል። ለጥቁር ግን እጅግ ያምራል። አልኮሉን ከእሳት አርቁ፤ የተቀባውንም ፀሐይ ላይ አታቆዩት፣ ይደበዝዛል።