በአሮጌ ሳምፕለር ኪቦርድ ላይ ራም እንዴት ይጨመራል? ኮርግ ትሪተንን ይዘን እንየው

ጥር ሊገባ ሲል ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ኪቦርድ ተጫዋች ፋታ የለውም። ሠርገኛው ማሲንቆውም፣ ከበሮውም፣ የሴቶቹ እልልታም ከአንድ ኪቦርድ እንዲወጣለት ይፈልጋል። በፈረንጆች 1999 የወጣው ኮርግ ትሪተን ሳምፕለር ስለሆነ፣ ማለትም የውጭ ድምፅ ቀድቶ በቁልፎቹ ማጫወት ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ ዛሬም ያገለግላል። ችግሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው መቅጃ ራም (የተቀዳውን ድምፅ ለጊዜው የሚይዘው ክፍል) 16 ሜጋባይት ብቻ መሆኑ ነው። እስከ 64 ማሳደግ ይቻላል፤ የመግጠሙ ሥራም አቦል ተጠጥቶ ቶና ሳይደርስ ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

ትሪተን ድምፅን በሰከንድ 48,000 ጊዜ በ16 ቢት ይቀዳል። በሞኖ (በአንድ መስመር) ሲቀዳ አንድ ሰከንድ 96,000 ባይት ይበላል ማለት ነው። 16 ሜጋባይት 2 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ያህል ይይዛል፤ 64 ሜጋባይት ደግሞ 11 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ። ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ሁለት መስመር) ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ቁረጡት።

አሁን የምትቀዱትን አስቡ። አንድ የማሲንቆ ድምፅ ሦስት ሰከንድ ቢቆይ 288 ኪሎባይት ነው። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው፤ በሁለት ኦክታቭ አሥሩንም ብትቀዱ ሦስት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የከበሮ ምት ከአንድ ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ራም የሚጨርሰው ነጠላ ድምፅ ሳይሆን ረጅም ቅጂ ነው፦ የአዝማሪው ሙሉ መግቢያ፣ የጭብጨባው ዙር፣ እልልታው ከነማስተጋባቱ። ማሲንቆ ባለ አንድ ጭራ መሣሪያ ነው፤ በአንድ ማይክ ቀድቶ ስቴሪዮ ማድረግ ራም መጣል ነው እላለሁ። ከፊትና ከኋላ ያለውን ጸጥታ ቆርጣችሁ፣ ሁሉንም ወደ ሞኖ አምጥታችሁ አሁንም ከጠበባችሁ ያኔ የራም ካርድ ፈልጉ።

ማስቀመጫውን ከካርዱ በፊት

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የመቅጃው ራም ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። መብራት በአንድ ጊዜ እልም በሚልበት አገር ራም ማብዛት የሚጠፋውንም ማብዛት ነው። ትሪተን አብሮት የተሠራለት ማስቀመጫ ባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ነው። ሞልቶ የተቀዳ 16 ሜጋባይት 12 ፍሎፒ ይፈልጋል፤ 64 ሲሆን ወደ 46 ይደርሳል። አንዱ ፍሎፒ ተጽፎ እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ሙሽራው ቤት ተቀምጣችሁ ዲስክ ስትቀያይሩ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይሄዳል።

መውጫው ሁለት ነው። አንዱ በፍሎፒው ቦታ ጎቴክ የሚባለውን የፍሎፒ ምትክ ገጥሞ በፍላሽ መጠቀም ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ፍላሹን የሚያየው እንደ ብዙ ትናንሽ ፍሎፒዎች ስለሆነ 1.44 ሜጋባይቱ አይቀርም፤ የሚቀርላችሁ ዲስኩን በእጅ መቀየሩ ነው። ሁለተኛው የኮርግን የስካዚ (SCSI፣ የድሮ ዲስክ ማገናኛ) ሰሌዳ አግኝቶ ውጫዊ ዲስክ ማያያዝ ነው። ዛሬ ኤስዲ ካርድን ስካዚ ዲስክ የሚያስመስሉ ሰሌዳዎችም አሉ። 64 ሜጋባይት ለማስገባት የቆረጠ ሰው ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል። ከዚያ ላይ ኪቦርዱን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) አሠሩት፤ ጥቂት ደቂቃ ማግኘት በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ካርዱን መለየት

ትሪተን የሚወስደው ባለ 72 ፒን (በካርዱ ጠርዝ የተደረደሩ የብረት መገናኛዎች) የድሮ ኮምፒውተር ራም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ፔንቲየም ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። ርዝመቱ ወደ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በፒኖቹ መካከል አንድ ቁራጭ (ተቆርጦ የጎደለ ቦታ)፣ በአንዱ ጫፍ ደግሞ ሌላ ቁራጭ አለው። 13.3 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና በፒኖቹ በኩል ሁለት ቁራጭ ያለው ካርድ ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ 168 ፒን ነው፤ አይገባም፣ አትታገሉት። 8.9 ሳንቲ ሜትር የሆነው አጭሩ ባለ 30 ፒን ደግሞ እንደ ከርዝዌል ኬ2000 እና ኤንሶኒክ ኤኤስአር-10 ላሉ ሌሎች ሳምፕለሮች ነው።

ቺፖቹ ላይ ከተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ያለውን ተመልከቱ፦ 60 ወይም 6 ካለ ፍጥነቱ 60 ናኖሰከንድ ነው፣ እሱን ውሰዱ። 70 ወይም 7 ያለው ዘገምተኛ ነው፤ ተዉት። ለ64 ሜጋባይት ሁለት ባለ 32 ካርዶች ያስፈልጋሉ፤ ቢቻል ከአንድ ኮምፒውተር የወጡ መንትዮች ይሁኑ። ባሕር ዳር ያሉ ጥገና ቤቶች ጥግ የጣሉትን አሮጌ ማዘርቦርድ እንድታዩ ቢፈቅዱላችሁ ከዚያ ጀምሩ። ካጣችሁ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራ እንዲጠይቅላችሁ አደራ በሉት፤ የካርዱን ፎቶ በስልክ ላኩለት፤ በቃል ብትነግሩት ሌላ ይዞ ይመጣል።

መግጠሙ

ያላችሁን ድምፅና ቅንብር ሁሉ ሴቭ አድርጉ። ኪቦርዱን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ትንሽ ቆዩ። የሚከፈተው በታች በኩል ነው። ሁለት ጋቢ ጠቅልላችሁ በግራና በቀኝ ጫፍ አድርጉና በግንባሩ ድፉት፤ ጆይስቲኩና ማዞሪያዎቹ መሬት ሳይነኩ አየር ላይ መቅረት አለባቸው። ጋቢው ጥጥ ስለሆነ ይመረጣል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ናይለን ብርድ ልብስና ሹራብ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ጣታችሁ ላይ ጠቅ የምትለዋ ብልጭታ ቺፑን ልታቃጥለው ትችላለች። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ የኪቦርዱን ባዶ ብረት ንኩ።

የሽፋኑን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱና ሲኒ ውስጥ አጠራቅሟቸው። ውስጥ ሁለት የራም ሶኬት ታያላችሁ። በፊት የነበረው ካርድ ቦታውን ይዞ ከሆነ ሁለቱን የጎን መያዣዎች በአውራ ጣት ጥፍር ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ግፉ፤ ካርዱ ራሱ ይዘነበላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መያዣው ፕላስቲክ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ከተሰበረ ካርዱን የሚይዝላችሁ የለም።

አዲሱን ካርድ በጠርዙ ያዙት። ፒኖቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በሁለቱም ወገን እሹና ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው የዘመናት ዝገትና ቅባት ነው። ከዚያ የጫፉን ቁራጭ ከሶኬቱ ጋር አገናኝታችሁ ካርዱን ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡት፣ እስከ መጨረሻው መቀመጡን አረጋግጡ፣ ወደ ላይ አቁሙት። ሁለቱም መያዣ ቀጭ ማለት አለበት። አንዱ ብቻ ከያዘ አውጡና እንደገና።

መፈተሽ

ሽፋኑን በሁለት ብሎን ብቻ ያዝ አድርጋችሁ ገልብጡትና አብሩት። ሳምፕሊንግ ውስጥ የቀረውን ራም የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱ። 64 ሜጋባይት ካሳየ ገና አትደሰቱ፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ካርዱ የታመመ ሊሆን ይችላል። ራሙ እስኪሞላ ረጅም ረጅም ቅጂ አስገቡና እያንዳንዱን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። መካከል ላይ የሚንጫጫ ወይም የሚቆራረጥ ነገር ከተሰማ ከካርዶቹ አንዱ ደኅና አይደለም።

ምንም ካላሳየ ወይም ግማሹን ብቻ ካሳየ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ካርዶቹን አቀያይራችሁ ሞክሩ። ጥፋቱ ካርዱን ተከትሎ ከተዛወረ ካርዱ ነው፤ ለሻጩ መልሱለት። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ሶኬቱን በአየር መንፊያ አጽዱት። ያም ካልረዳ የብየዳ ሥራ ስለሆነ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው፤ እስከዚያው በደኅናው ሶኬት ባለው አንድ 32 ሜጋባይት ካርድ የጥርን ሠርግ መጫወት ትችላላችሁ።