ባለ 360 ዲግሪ የመኪና ካሜራ፦ ስናስገጥምም ስንነዳም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለ 360 ዲግሪ ካሜራ ያለው መኪና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ መንቀል ያቅተዋል። መኪናው ከነዙሪያው ልክ ከላይ እንደተነሣ ሆኖ ይታያል። ጣሪያው ላይ ግን ምንም ካሜራ የለም። ያሉት አራት ናቸው፤ አንዱ ከፊት ፍርግርጉ አካባቢ፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ስፖኪዮ ሥር፣ አንዱ ከኋላ ታርጋው አጠገብ። እያንዳንዳቸው 180 ዲግሪ አካባቢ የሚያይ ጎበጥ ያለ ሌንስ አላቸው። አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ሣጥን አራቱን ምስሎች ታቃናና ጫፍ ለጫፍ ትሰፋቸዋለች። መሃል ላይ የምትታየው መኪና እንኳ በካሜራ የተነሣች አይደለችም፤ አስቀድማ የተሳለች ሥዕል ናት።

ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2007 ኢንፊኒቲ ኢኤክስ35 ላይ ገጥሞት ሲወጣ ነገሩ የውድ መኪና ነበር። ዛሬ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራት መኪና ላይም ይገጠማል። እኔም ለብዙ መኪኖች ሲገጠም አይቻለሁ፣ የራሴ ላይም አስገጥሜያለሁ። ከዚያ ሁሉ የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሣጥኗ ምስሉን የምትሰፋው አንድ ግምት ይዛ ነው፦ ካሜራዎቹ የሚያዩት ነገር ሁሉ ጠፍጣፋ መሬት ላይ የተነጠፈ ነው ብላ። ይቺን ያዙልኝ። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይቺን ከመርሳት ነው።

ካሊብሬሽኑን በጥድፊያ መጨረስ

አራቱ ካሜራዎች ተገጥመው ምስል ሲመጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ገና ግማሹ ነው። ቀጥሎ ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም አራቱን ምስሎች በልክ የማስተካከሉ ሥራ ይመጣል፦ መኪናው ዙሪያ ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለበት ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ርቀቱ ይለካል፣ ቁጥሩ ሣጥኗ ውስጥ ይገባል። ሣጥኗ እያንዳንዱ ካሜራ የት እንዳለና ወዴት እንዳዘነበለ የምታውቀው ከእነዚያ ካሬዎች ነው።

የእኔ መኪና ሲሠራ ምንጣፉ የተነጠፈው ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘቅዘቅ ባለ ግቢ ላይ ነበር። በዓይን አይታወቅም። ስክሪኑ ላይም ሁሉም ነገር ቆንጆ ሆኖ መጣ፤ አመስግኜ ወጣሁ። በማግስቱ መኪና ማቆሚያ ስገባ ግን መሬት ላይ የተሰመረው ነጭ መስመር የፊተኛው ካሜራ ክልል አልቆ የቀኙ ሲጀምር ድንገት ተሰበረ። ከፊት የመጣው መስመር አንድ ቦታ ቆመ፣ ከጎን ያለው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ተገፍቶ ቀጠለ። አንድ መስመር ሁለት ሆነ። ወርጄ አየሁት፤ መሬት ላይ ያለው መስመር ቀጥ ያለ ነው። የተሳሳተው ስፌቱ ነበር።

ስለዚህ ካሊብሬሽን ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን። ጎማዎቹ ልክ ነፋስ ይኑራቸው፣ መኪናው እንደ ወትሮው ይጫን፣ በሮቹ ይዘጉ፣ ስፖኪዮዎቹ ይዘርጉ። ምንጣፉ ላይ ሽብሽብ አይኑር። ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ከሆነ ሣጥኗ የካሬዎቹን ጠርዝ መለየት ስለሚያቅታት ወጥ ብርሃን ያለበት ቦታ ፈልጉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቀጥ ያለ መስመር ያለበት ቦታ ወስዳችሁ ሞክሩት። መስመሩ በአራቱም ማዕዘን ሳይሰበር ካለፈ ጥሩ ነው። ከተሰበረ ይደገም በሉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ነገ በዚያ ስክሪን ተማምናችሁ ነው ሰው ባለበት የምትነዱት።

መጀመሪያ በስቶ በኋላ ማየት

ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት ካሜራው በናስትሮ ተለጥፎ ምስሉ ስክሪን ላይ ይታይ። የጎን ካሜራ ምስል ጠርዝ ላይ የመኪናው አካል በቀጭኑ መታየት አለበት። ጭራሽ ካልታየ ከጎማው አጠገብ ያለውን መሬት አታዩትም። ከመጠን በላይ ከታየ ደግሞ የምስሉን ሲሶ የራሳችሁ በር ይበላዋል። ግራና ቀኙ በአንድ ቁመትና በአንድ ዘንበልታ ይሁኑ። ፊት ለፊት ተጨማሪ የብረት መከላከያ ያላቸው መኪኖች ላይ ብረቱ ሌንሱን እንዳይጋርደው ተጠንቀቁ። ብረት ከተበሳ የቀዳዳው ከንፈር ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ ቀለም ያልነካው ቀዳዳ ዝገት መጀመሩ አይቀርም። ከመብሳት በፊትም ከጀርባው ምን ሽቦ እንደሚያልፍ ይታይ።

ኤሌክትሪክ ካገኙበት መሳብ

እዚህ ላይ የሚሠራው ጥፋት ብዙ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። ከዚያ መኪናው 12 ቮልት ይሁን 24 መታወቅ አለበት፤ አብዛኛው የቤት መኪና 12፣ ከባድ መኪና ደግሞ 24 ነው። ለ12 ብቻ የተሠራች ሣጥን 24 ላይ ከገባች ትቃጠላለች።

ለሣጥኗ ኤሌክትሪክ ከኋላ ማርሽ አምፖል መሳብም የተለመደ ስህተት ነው። ከአምፖሉ የሚፈለገው ምልክት ብቻ ነው፤ «ማርሽ ኋላ ገብቷል» የሚል። ዋናው ኃይል ራሱን በቻለ ፊውዝ በኩል ይምጣ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ለአምፖል የሚሄደው ኃይል በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ነው። ለዓይናችን ሙሉ መብራት ይመስላል፣ ካሜራው ግን ይርገበገባል። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ምልክቱም ቢሆን በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ወይም በማጣሪያ በኩል ቢመጣ ይሻላል። የፍሬቻ ምልክትም እንደዚሁ፤ ፍሬቻ ስታበሩ የዚያ ጎን ካሜራ እንዲመጣ የምታደርገው እሷ ናት።

ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር ለጊዜው ይሠራል። ሙቀትና ንዝረት ሲፈራረቅበት ግን ናስትሮው ይለቃል፣ ሽቦው ይላላል። ጥሩ ባለሙያ ይበይዳል ወይም በመገጣጠሚያ ይጨምቃል፣ ከላይ ደግሞ በሙቀት የሚጨማደድ ሽፋን ያለብሰዋል። ካሜራው መኪናው ቆሞም ቪዲዮ የሚቀዳ ዓይነት ከሆነ ባትሪው ሲደክም ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ እንዳለው ጠይቁ። አለበለዚያ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ መኪናው አይነሣም።

ሽቦውን በአቋራጭ መውሰድ

ብዙ መኪኖች ከፓራብሬዛው ዳርና ዳር ባሉት ቋሚዎች ውስጥና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የታጠፈ ኤርባግ አላቸው። የካሜራ ሽቦ በኤርባጉ ፊት ለፊት ካለፈ በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ በትክክል እንዳይዘረጋ ሊያደርግ ይችላል። ሽቦው ከኤርባጉ ጀርባ፣ ከነባሩ የሽቦ ጥቅል ጋር ታስሮ ይሂድ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ብዙ ጊዜ የኤርባግ ነው።

የስፖኪዮ ካሜራ ሽቦ በበሩና በአካሉ መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው ማለፍ ያለበት። ከውጭ ተጎትቶ ካለፈ በሩ በተዘጋ ቁጥር ይቀጠቅጠዋል። በር ስትከፍቱ የአንድ ጎን ምስል ጥቁር ሆኖ ስትዘጉ ከተመለሰ መጀመሪያ እዚያ ጋ ያለውን ሽቦ እዩ።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራ ላይ የሚጻፈው አይፒ የውኃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ ነው። አይፒ67 ማለት ካሜራው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ተጠልቆ ይቋቋማል ማለት ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ የሙቅ ውኃን የሚመለከተው ሌላ ደረጃ ነው፣ አይፒ69ኬ። የመጀመሪያው ብቻ ያለውን ካሜራ በእጥበት ማሽን ከቅርብ አታስመቱት።

የተለያዩ ካሜራዎችን ማቀላቀል

አንዱ ሲበላሽ ርካሽ ሌላ ገዝቶ መተካት አያዋጣም። ኤኤችዲ (ጥራት ያለው የምስል ምልክት) የሚጠብቅ ሣጥን ላይ ሲቪቢኤስ (የድሮው ዝቅተኛ ጥራት ምልክት) ካሜራ ከተሰካ ምስሉ ላይመጣ ይችላል። ቢመጣም የሌንሱ ስፋት ስለሚለይ ስፌቱ ይበላሻል። ያው ዓይነት ይገዛ፣ ካሊብሬሽኑም ይደገም። ስፖኪዮ ሲቀየር፣ ባምፐር ተፈትቶ ሲገጠም፣ የጎማ መጠን ወይም የሞላ ከፍታ ሲለወጥም እንደዚሁ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ርቀት እንደ ሜትር ማመን

አሁን ወደ መንዳቱ እንምጣ። ሣጥኗ ሁሉንም ነገር መሬት ላይ እንደተነጠፈ ትገምታለች ብያለሁ። እንግዲህ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ምን ይሆናል? ከእውነተኛ ቦታው ርቆ ይሳላል። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ጫማው በትክክለኛ ቦታው ይታያል፣ ከጉልበቱ በላይ ያለው ግን ወደ ውጭ ተጎትቶ ይረዝማል። ሰውየው ከናንተ ሸሽቶ የተኛ ይመስላል። እሱ ብዙም አያሳስትም፣ ምክንያቱም እግሩን ታዩታላችሁ።

የሚያሳስተው እግር የሌለው ነገር ነው። ከኋላ የቆመ የጭነት መኪና ካሶኒ፣ ወደ ውጭ የተከፈተ መስኮት፣ ከግድግዳ የወጣ ብረት። እነዚህ አየር ላይ ናቸው። ካሜራው ያያቸዋል፣ ሣጥኗ ግን ወዲያ ማዶ መሬት ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ስክሪኑ «ገና ነው» እያላችሁ ሊነኩ ይችላሉ። ከካሜራው ቁመት በላይ ያለ ነገር ደግሞ ከላይ በሚያሳየው ምስል ላይ ጭራሽ ቦታ የለውም። በጣሪያ ላይ ዕቃ የጫነ ሰው ይህን ይወቅ።

ዳገትም ያው ነው። ከኋላችሁ መሬቱ ሽቅብ ከሆነ እዚያ ያለው ነገር ከእውነቱ ርቆ ይታያል። ርቀት ለማሳየት ስክሪኑ ላይ የሚመጡት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መስመሮች ለሜዳ የተሰመሩ ናቸው።

አራቱን ማዕዘኖችም አትመኑ። ሁለት ካሜራዎች የሚገናኙበት ስፌት ላይ ቀጭን ነገር፣ ለምሳሌ አጭር ምሰሶ፣ ተሸርፎ ወይም ጠፍቶ ሊታይ ይችላል። ትንሽ ልጅም ማዕዘኑ ላይ ከቆመ ከነሙሉ አካሉ ላይታይ ይችላል። ከመነሣታችሁ በፊት አንገታችሁን አዙሩ፣ ስፖኪዮውንም እዩ። ስፖኪዮው ከታጠፈ ወይም በር ከተከፈተ የጎን ካሜራው ሌላ ቦታ እያየ ስለሆነ ምስሉን እንደሌለ ቁጠሩት።

ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ መፈተግ

አቧራ ያለበትን ሌንስ በደረቁ ስታሹት አሸዋው ይቧጭረዋል። ጭረቱ ቀን አይታወቅም፤ ማታ የሌላ መኪና መብራት ሲመታው ግን ምስሉ በሙሉ ይነጣል። መጀመሪያ ውኃ አፍስሱበት፣ አቧራው ይውረድ፣ ከዚያ ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ። ቤንዚንና ቲነር አይነካው። ከጠረጋችሁትም በኋላ ምስሉ ጉም እንደለበሰ ከቀረ እርጥበቱ ከመስታወቱ ጀርባ ገብቷል፤ ካሜራው መቀየር አለበት።