በራስቤሪ ፓይ 4 ላይ የሚቀደድ ምስልን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ምስል መሃሉ ላይ ተቆርጦ የላይኛውና የታችኛው ክፍል አልገጥም ሲል፣ ብዙዎች ቦርዱ ደካማ ነው ብለው ይደመድማሉ። በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራው ትንሹ ኮምፒውተር ራስቤሪ ፓይ 4 ግን ለዚህ ሥራ በቂ አቅም አለው። ምስሉ የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ወደ ስክሪኑ እየተላከ ሳለ ፕሮግራሙ እዚያው ማህደረ ትውስታ ላይ አዲስ ምስል ስለሚጽፍበት ነው።

በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ባለ 1080 መስመር የኤችዲኤምአይ ስክሪን አንድ ዙር በጠቅላላው 1125 መስመር አለው። ትርፎቹ 45 መስመሮች አይታዩም፤ ለ0.67 ሚሊ ሰከንድ ያህል ምንም ምስል አይላክም ማለት ነው። አዲሱ ምስል አሮጌውን መተካት ያለበት በዚህች ክፍተት ነው። ፕሮግራሙን በየ16.67 ሚሊ ሰከንዱ እያሳረፉ ክፍተቷን ለመያዝ መሞከር አያዋጣም። ስክሪኑ በ59.94 ሄርዝ የሚሠራ ከሆነ በየ17 ሰከንዱ ገደማ አንድ ሙሉ ምስል ይዛነፋል። ሰዓቱን መጠየቅ ያለብን ስክሪኑን ራሱን ነው፤ በሊኑክስ ይህን የሚያስችለው ኬኤምኤስ የተባለው የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ክፍል ነው።

ደረጃ 1። የቦርዱን የኮንፊግ ፋይል ይክፈቱና ድራይቨሩን በሚመርጠው የዲቲኦቨርሌይ መስመር ላይ «ቪሲ4-ኬኤምኤስ-ቪ3ዲ» መጻፉን ያረጋግጡ። «ኤፍኬኤምኤስ» የሚል ካገኙ የቆየው የሽግግር ድራይቨር ስለሆነ ይለውጡትና ቦርዱን እንደገና ያስነሱ።

ደረጃ 2። ስክሪኑን በአንድ ጊዜ ማዘዝ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ ዴስክቶፑን ዘግተው በጽሑፍ መስኮት ይግቡ። ከዚያ ሞድቴስት የተባለውን የስክሪን መፈተሻ መሣሪያ በ«ኤስ» አማራጭ ማገናኛውንና የስክሪኑን ሞድ ሰጥተው፣ «ቪ» አማራጭን ጨምረው ያስኪዱ፤ በሰከንድ ወደ 60 የሚጠጋ ቁጥር ካሳየ መሠረቱ ደህና ነው። ካላሳየ የራስዎን ኮድ ከመነካካትዎ በፊት ድራይቨሩን ይፈትሹ። ፓይ 4 ሁለት የግራፊክስ ካርድ ፋይሎች አሉት፤ አንዱ ለሥዕል ሥራ፣ ሌላው ለስክሪን ነው። ቁጥራቸው ሊቀያየር ስለሚችል ኮድዎ ውስጥ «ካርድ 0» ብለው አይጻፉ፤ የስክሪን ማገናኛ ያለውን ፕሮግራሙ ራሱ ይፈልግ።

ደረጃ 3። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሁለት ባፈር (አንድ ሙሉ ምስል የሚይዝ የማህደረ ትውስታ ቦታ) ያዘጋጁ፤ አንዱ ሲታይ በሌላው ላይ ይሳሉ። ሥዕሉ ሲያልቅ ዲአርኤም ሞድ ፔጅ ፍሊፕ በተባለው የከርነል ጥሪ በኩል ባፈሮቹ እንዲቀያየሩ ይጠይቁ፤ ሲቀያየሩ መልእክት እንዲላክልዎ የሚያደርገውን ምልክት መጨመር አይርሱ። ከርነሉ ጥያቄውን ይዞ ክፍተቷን ይጠብቃል፣ ባፈሮቹን ይቀይራል፣ ከዚያ መልእክቱን በካርዱ ፋይል በኩል ይልካል። መልእክቱ ሳይደርስ የቀድሞውን ባፈር አይንኩት፤ አሁንም እየታየ ነው። ሁለተኛ ጥያቄ ቸኩለው ከላኩ «ሥራ በዝቶበታል» የሚል የስህተት መልስ ይመለሳል።

ኦፕን ጂኤል ኢኤስ በተባለው የግራፊክስ መሳያ ቤተ መጻሕፍት የሚስሉ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ያለ ዴስክቶፕ፣ ባፈሮችን በሚያዘጋጀው ጂቢኤም ሲሠሩ፣ የተሳለውን ምስል የሚያስረክበው የኢጂኤል ስዋፕ ባፈርስ ትዕዛዝ ብቻውን ስክሪኑን አይጠብቅም። ከትዕዛዙ በኋላ የፊቱን ባፈር ቆልፈው ለፔጅ ፍሊፕ ያስረክቡ፤ የቀድሞውን የሚለቁት መልእክቱ ሲመጣ ነው። ይህን ሁሉ መጻፍ ካልፈለጉ ኤስዲኤል 2 የተባለው የጨዋታና ግራፊክስ ቤተ መጻሕፍት በኬኤምኤስ ዲአርኤም ድራይቨሩ ይሠራልዎታል፤ ሬንደረሩን (የሚስለውን ክፍል) ሲፈጥሩ ስክሪኑን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን የቪሲንክ አማራጭ ያብሩ።

ደረጃ 4። በጥቁር መደብ ላይ ወደ ጎን የሚሮጥ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይሳሉ፤ መቀደድ ካለ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በየመልእክቱ ላይ ያለውን ሰዓት ከቀዳሚው ይቀንሱ። ልዩነቱ 16.7 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ከሆነ መልካም ነው። 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከታየ ሥዕሉ ዘግይቶ አንድ ዙር አምልጦታል። ሦስተኛ ባፈር መጨመር ሊያግዝ ይችላል፤ ግን መዘግየትን ስለሚያመጣ በጣት በሚነካ ስክሪን ላይ አልመክረውም። ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 መስመር ዝቅ ማድረግ ይሻላል።