ውሻ ወይ ድመት ፀጉር ላይ ሬንጅ፣ ሙጫ ምናምን ሲጣበቅ እንዴት ይለቃል?

ለገጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሱሉልታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ግንባታው አያልቅም፣ መንገድ ሲሰራ ሬንጅ፣ ጎረቤት በር ሲያስቀባ ቀለም፣ ጋራዥ ደጃፍ ግሪስ፣ ቤት ውስጥ ደሞ የአይጥ ማጣበቂያ፣ እና ውሻው ወይ ድመቷ በአንዱ ተለውሶ ይመጣል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ላምባ፣ አኳራጅ እንዳትነኩ። ሬንጁን ያስለቅቃል እውነት ነው፣ ግን ቆዳቸውን ያቃጥላል፣ ሲልሱት ደሞ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። ድመት በተለይ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስለምትልስ ፀጉሯ ላይ ያለው ሁሉ ትውጠዋለች። ዴቶልም ለድመት መርዝ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

የሚያስፈልገው ማድቤት ውስጥ አለ፣ የምግብ ዘይት፣ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ማበጠሪያ፣ ፎጣ፣ ጓንት። ዘይቱ የሚረጋው ዓይነት ከሆነ ትንሽ አሙቁትና እንዳያቃጥል በእጃችሁ ሞክሩት።

መጀመሪያ እንዳይልሰው አንድ የሚያምነው ሰው ቀስ ብሎ እያወራው ይያዘው። ከዛ የተጣበቀውን በዘይት አርሱት፣ አምስት አስር ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣታችሁ እያሻሻችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ካልለቀቀ እንደገና ዘይት፣ እንደገና መጠበቅ። የደረቀ ሬንጅ ጊዜ ይፈልጋል፣ በጉልበት ከሳባችሁት ግን ፀጉሩ ከነቆዳው ነው የሚላጠው። ሲለቅ ፈሳሽ ሳሙናውን ውሃ ሳይነካው ዘይቱ ላይ አሹትና ለብ ባለ ውሃ ማሟለጩ እስኪጠፋ እጠቡት። እኛ ጋር ከሰዓት በኋላ ብርዱ ስለሚጀምር ቀትር ላይ ብታጥቡትና በደንብ ብታደርቁት ጥሩ ነው።

የአይጥ ማጣበቂያ ከሆነ ከዘይቱ በፊት ያልተነካው ሙጫ ላይ ዱቄት በትኑ፣ አለበለዚያ ሲፈራገጥ ሌላ ቦታ ይጣበቅበታል። ማስቲካ በረዶ በፌስታል ይዛችሁ ሲጠነክር ይሰባበራል። የውሃ ቀለም ሳይደርቅ ወዲያው በውሃና ሳሙና ይሄዳል፣ የደረቀ የዘይት ቀለም ግን ፀጉሩን መቁረጥ ነው። ስትቆርጡ ማበጠሪያውን በቆዳውና በተቋጠረው ፀጉር መሀል አስገቡና ከማበጠሪያው በላይ ብቻ ቁረጡ፣ የድመት ቆዳ ስስ ስለሆነ ከፀጉሩ ጋር ተስቦ መቀስ ውስጥ ይገባል። ዓይን አጠገብ ከሆነ ወይ ቆዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ከተጣበቀ ለሐኪም ተዉት።

እየታጠበ ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ ቁስሉን ቢያንስ 15 ደቂቃ በሳሙናና ውሃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም።

ከላሰው በኋላ ለሃጩን ካዝረበረበ፣ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይ ትንፋሹ ከከበደው አትጠብቁ። ወተት ያረክሰዋል ብላችሁ አትጋቱት፣ እንዲያስመልስም አታድርጉ፣ ነዳጅ ነክ ነገር ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ጋር ውሰዱት፣ የቀለሙን ወይ የሙጫውን ቆርቆሮም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ምን እንደላሰ ካወቀ ሕክምናው ይፈጥናል።